ዶክተር ሜትር እና የረዘመው ቀሚስ

ሳይጠየቅ ስለ ጤናችን የሚጨነቅልን ሰው የሚጠፋበት ሰፈር የለም። በዚህኛው ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ «ክቡር ዶክተር ሜትር» ይባላሉ። ወገብ ሊለኩ ይጀምሩና አጥንት ላይ ይጨርሳሉ። ሱሪ ሊያስጠብብ የገባ ሹፌር የማግኒዚየምን ጥቅም ሲሰማ ቆይቶ ሱሪውን ረስቶት ሄዷል።

«ወተቱን ብትጠጡት ብቻ ምን ዋጋ አለው?» ይላሉ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው። «ቫይታሚን ዲ ካላስገባው ካልሲየሙ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ፀሐይ ሙቁ።»

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ይህን ስብከት ሽሽት መንገድ ትቀይር ነበር። ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ መሃል ትውላለች፤ ስትወጣም ፊቴን ያበላሸዋል ብላ ጃንጥላ ትዘረጋለች። ባለፈው ወር ግን ቸገራትና ሄደች። ከስምንት ዓመት በፊት የሰፉላት ቀሚስ መሬት እየጠረገ ደረጃ ላይ ሊጥላት ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ጨርቅዎ ረዘመ» አለች ቆጣ ብላ።

ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «እህቴ፣ ጨርቅ ሲታጠብ ያጥራል እንጂ ይረዝማል?»

ግድግዳ አስደግፈው ለኳት። የቆየ ደብተራቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ገጿን ፈለጉ። አራት ሴንቲ ሜትር ጎድላለች። ደግመው ለኩ፤ ያው አራት።

ክው አለች። ቁልፍ ይጠፋል፣ ጃንጥላ ይጠፋል፤ አራት ሴንቲ ሜትር ሰው እንዴት ይጠፋል?

«በቃ ያሳጥሩልኝና ልሂድ» አለች።

«አላሳጥርም። መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ።»

ሥራ እምቢ የሚል ልብስ ሰፊ አይታ አታውቅም፤ ይኼም ሌላ ድንጋጤ ሆነባት። እሳቸው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጠው ፊቷ አስቀመጡት። «እናቴ» ይላል። ከሥሩ 162፣ 159፣ 155፣ 150 ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

«ሦስት ጊዜ ቀሚሷን አሳጠርኩላት» አሉ። «ልጄ ጎበዝ ነው እያለች ትመርቀኝ ነበር። አንድ ቀን ከወንበር ስትነሳ ዳሌዋ ተሰበረ፤ በዚያው ቀረች። ሜትሩ እየነገረኝ እኔ ጠርዝ እሰፋ ነበር።»

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

«ማን ላከሽ?» አላት ሐኪሙ ውጤቱን እያየ።

«ልብስ ሰፊዬ።»

አጥንቷ ሳስቷል፤ ቫይታሚን ዲዋም ከሚገባው በታች ወርዷል። ትንሽ ብትቆይ አንድ መውደቅ ይበቃት ነበር። መድኃኒት ጀመረች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጃንጥላዋን አጥፋ የልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። የማግኒዚየሙን ወሬ በቃሏ ይዛዋለች፤ ይሰለቻታል፣ ግን ቀርታ አታውቅም። ትናንት ደብተሩን ስታገላብጥ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አገኘች፤ የአንድ ሰው ገጽ ብቻ የለም።

«ጋሼ፣ እርስዎንስ ማን ለካዎት?»

ዶክተር ሜትር አፋቸውን ከፈቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልወጣም። ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ ወሰደች።

«ግድግዳውን ይደገፉ» አለቻቸው።