ጅማ የላክሁት ዩኒፎርም አማን ተሰፍቶ መጣ

ጓዶች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። አልቻልኩም! ከጠዋት ጀምሮ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሱቄን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ።

ሚዛን ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም የምናሰፋበት ቤት አለኝ። አራት የኤሌክትሪክ ማሽኖች፣ ሦስት ሰፊዎች።

ሰፊዎቹን እንኳ «ነበሩኝ» ልበል!

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቪዲዮ አየሁ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለምን ወደ ቻይና እንደሄዱ፣ ከቻይና ደግሞ ለምን ወደ ባንግላዴሽ እንደሚያመሩ የሚያስረዳ ነው። አይቼ ስጨርስ ራሴን ፕሮፌሰር አደረግኩ።

በማግስቱ ሰፊዎቼን፣ እትዬ አስቴርንና ሁለቱን ሴቶች፣ ሰብስቤ ሌክቸር ሰጠሁ። «ሥራ ርካሽ ወደሆነበት ይሄዳል። ግሎባላይዜሽን ነው፣ በግል አትውሰዱት!»

እትዬ አስቴር ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እዚያ ቤት የሰፉ ሴት ናቸው። መቀሳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

እኔ ደግሞ በርካሽ ያሰፋል የተባለ የጅማ ነጋዴ አገኘሁ። ጨርቁን መናኸሪያ ላለው ወኪሉ አስረክቤ ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ዛሬ ሸሚዞቹ መጡ። ስፌቱ ንጹሕ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ! ፎቶ አንስቼ ልፖስት ስል ግርጌውን ገለበጥኩት።

ከውስጥ በኩል በቀይ ክር የተሰፋ ትርፍ ቁልፍ አለ።

ክው አልኩ!

በዚህ አካባቢ ለተማሪ ሸሚዝ ትርፍ ቁልፍ በቀይ ክር የሚሰፉት እትዬ አስቴር ብቻ ናቸው። «ክር አያባክኑ!» እያልኩ ስንቴ ጨቅጭቄያቸዋለሁ መሰላችሁ?

ጅማ ደወልኩ። ነጋዴው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ የኔ ሰፊዎች ተይዘው ነበር። እዚያው አንተ አጠገብ፣ አማን፣ አንዲት ጎበዝ ሴት አሉ ሲሉኝ እዚያው አሰፋሁልህ።»

ጨርቄ ጅማን አላየም! ከሚዛን አማን በባጃጅ ነው የሄደው!

በዚህ ላይ ዩኒፎርሙን ያዘዘኝ ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል፤ የሴት ተማሪዎቹ ቀሚስ ገና አልተነካም። ርዕሰ መምህሩ «ሰኞ ካላደረስክ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብለውኛል። የጅማው ሰው ደግሞ አልችልም አለ።

ሃፍረቴን ዋጥ አድርጌ አማን ሄድኩ።

እትዬ አስቴር በረንዳቸው ላይ ሦስት የእግር ማሽን ደርድረዋል። ያሰናበትኳቸው ሁለቱ ሴቶችም እዚያው! ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፣ እነሱ ግን ይሰፋሉ። እኔ ቤት መብራት ሲጠፋ እኮ አብረን ጣሪያ ነበር የምናየው።

«እትዬ፣ ይመለሱልኝ። ደሞዝ እጨምራለሁ» አልኩ።

«አልመለስም ልጄ። አንተ ቤት ቀኑን ሙሉ መብራት ስጠብቅ ነበር የምውለው። የእግር ማሽን አምጣልን ብዬህ መች ሰማኸኝ? እዚህ በሰፋሁት ልክ ይከፈለኛል፤ የቴፒ ሰዎችም ሥራ አምጥተውልኛል።»

ሁለቱ ሴቶች ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል እትዬ አስቴር ጠሩኝ።

«ቀሚሱን አምጣው። ልጆቹ ምን አጠፉ? ግን በቀጥታ አምጣ፣ በጅማ አታዙረው!»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። እኔ ማልቀስ ነው የቀረኝ፤ ደስታም ነው፣ ሃፍረትም ነው።

አሁን ባዶ ቤት ውስጥ ከአራት ማሽን ጋር ተፋጠን ነው ያለነው። ፋብሪካ ለምን ባሕር እንደሚሻገር የምታውቁ ኮመንት ላይ አስረዱኝ። ከእኔ ለምን እንደሸሸ እንኳ ዛሬ በደንብ ገብቶኛል!