ለዘሀራ ኮምፒውተር ስንት ሚሞሪ ይበቃል?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። እርግጥ ነው፣ አበው ኮምፒውተር አላዩም። ኮምፒውተር ያየ ሰው ግን ሁለት ዛፍ ምን አላት፣ ጫካውን በሙሉ ልውጣው ይላል። እዚህ ይጽፋል፣ እዚያ ፎቶ ያስተካክላል፣ በዚያ ላይ ዘፈን ይከፍታል። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሥራ የት ተቀምጦ እንደሚሠራ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ሚሞሪ በምትባል፣ ከመዳፍ በማትበልጥ ስስ ነገር ላይ ነው። ሥራ ሲበዛባት ትጠባለች፤ ስትጠብ ማሽኑ ያቃስታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከባለቤቴ ከዘሀራ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጽሑፍ የምንተይብባት፣ ካርድ የምናትምባት ትንሽ ሱቅ ነበረችን። ዘሀራ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። የሰፊን ጠባይ መቼም ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ፣ ሥራ ቢቆለልበትም «ሌላ ቀን ና» አይልም፤ ወዲያው ለክቶ በመቀስ ሸርከት ያደርግበታል። የተቆረጠ ጨርቅ ይዞ ሌላ ሰፊ ዘንድ የሚሄድ የለማ! ዘሀራም የገባውን ሰው ሁሉ ሥራ እዚያው ፊቱ ትከፍትና ሁለት መስመር ጽፋ «ይኸው ተጀመረልህ» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው አይነቃነቅም። የእሱን ዘግቶ የሌላውን መክፈት ደግሞ እንግዳን ከመቀመጫው እንደ ማስነሳት ስለሆነ አይሞከርም።

ማሽኑ ማቃሰት ሲያበዛ ከአዲስ አበባ ዕቃ ለሚልክልን ነጋዴ ደወልኩና ስንት ሚሞሪ ይበቃናል አልኩት።

«በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ ትከፍታላችሁ?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል አይደል? ባሰብኩበት ቁጥር ግን ተወሳሰበብኝ። «እሱማ በመጣው ሰው ልክ ነው» አልኩት። ሳቀና፣ አስልቼ እንድደውልለት ነግሮኝ ስልኩን ዘጋው።

ስሌቱን ሳልጨርስ ቅዳሜ ደረሰ። አያ ሞላ የሚባሉ የኮሶዬ ገበሬ የልጃቸውን የሰርግ ካርድ ሊያሳትሙ መጡ። ሁዳዴ ሊገባ ነውና ሰርጉ የሚቀጥለው እሁድ ነው። የሙሽራው ወገን የከተማ ሰው ስለሆነ ካርዱን ቀድሞ በትኗል፤ አስተማሪዋ ሙሽራ ደግሞ «የእነሱ ዘመድ በካርድ፣ የእኛ በቃል ከተጠራ ይቀየምና ይቀርብናል» ብላ አባቷን አስጨንቃለች። ዘመድ አዝማዱ ለገበያ ጎንደር ወርዷል፤ ቀን ሳይመሽ ማኪና ተሳፍሮ ወደየአገሩ ይበተናል። ካርዱ ከዚያ በፊት ካልደረሰው አያ ሞላ ደግሰው ሰው ሊያጡ ነው። ለባለ ድግስ ከዚህ የባሰ ውርደት ምን አለ?

ዘሀራ ካርዱን አሳምራ ጨረሰች። ማተም ብቻ ነበር የቀራት። ልክ ያን ጊዜ የእድር ሰብሳቢው ጋሽ ታፈረ «የእኔ መተዳደሪያ ደንብስ የት ደረሰ?» እያሉ ገቡ። ከጠዋት ከተከፈተው ከእሳቸው ደንብ ሌላ የአንድ አስተማሪ የፈተና ወረቀትና የአንዲት እናት የክርስትና ፎቶዎች ተከፍተዋል፤ አስተማሪውም እናቲቱም እዚያው ቁጭ ብለዋል። ዘሀራ የጋሽ ታፈረን ደንብ ልታሳያቸው ስትነካው ማሽኑ ቀጥ አለ። የማውሱ ቀስት እንደ ቀንድ አውጣ መንፏቀቅ ጀመረ።

«ያ ረቢ!» አለች። ካርዱን ማሽኑ ውስጥ አላስቀመጠችውም ነበር፤ አሁን ላስቀምጥ ብትል ማሽኑ እንቢ አላት። አጥፍቶ ማስነሳት ማለት ሁሉንም ውሃ በላው ማለት ነው። የቀረው ዘዴ አንዱን ሥራ ሳይቀመጥ በግድ ዘግቶ መግደልና ለሌሎቹ ቦታ ማስለቀቅ ነው።

የማንን?

አስተማሪው ፈተናው ሰኞ መሆኑን አስታወሰን። እናቲቱ ፎቶዎቿ ተስተካክለው ሊያልቁ ምን ቀራቸው አለች። ጋሽ ታፈረማ «ግማሽ ቀን ያጻፍኩት ደንብ! እንዴት ተደርጎ!» ብለው ዘራፍ አሉ። አያ ሞላ በበሩ በኩል ፀሐይዋን ያያሉ፣ ዞረው እኛን ያያሉ። በመጨረሻ ተነሥተው ቆሙ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ካርዱ ወጣም ቀረም፣ እዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ እሁድ ኮሶዬ መጥታችሁ ልጄን ዳሩልኝ። ጠርቻችኋለሁ።»

ከተጠራችሁ በኋላ እኮ የሰርግ ቤት ሰው ናችሁ፤ የባለ ሰርጉን ሥራ አግታችሁ ብትቀመጡ ነውር ነው። ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘሀራ፣ የኔን ግደይው» አሉ። አስተማሪው «ኧረ የኔ ይቅደም፣ በእጄ የጻፍኩት አለ» አለ። እናቲቱም «የለም፣ የኔ ይሁን» ማለቷን አልተወችም። አሁን ደግሞ ጠቡ የማን ሥራ ቀድሞ ይሙት ሆነ! ዕጣ ተጣለና ለጋሽ ታፈረ ደንብ ወጣ። ማሽኑ ተነፈሰ፣ ካርዱም ታተመ፤ አያ ሞላ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠውት ወደ መናኸሪያ ሮጡ። ጥሪው ደግነት ነበር ወይስ ብልጠት? እስካሁን አልለየልኝም።

እሁድ ሁላችንም ኮሶዬ ሄድን። ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ በግ ተይዞ ጠበቀን፤ ቢላዋውን ለእኔው ሰጥተው አረድኩ። ካርድ የደረሰውም ያልደረሰውም መጥቶ ዳሱ ሊፈነዳ ደርሷል። ነገሬን ታውቁት የለ፣ «አያ ሞላ፣ ዳሱን ሲጥሉ ለስንት ሰው አስበው ነው?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ተቆጥሮ ዳስ ይጣላል? እንጨት እስካለ ይተከላል፤ የቀረው ጠጋ ጠጋ ነው።»

ሰኞ ለነጋዴው ደወልኩ። «ማሽኑ የሚሸከመውን ያህል ላክ» አልኩት። ላከልኝ። ማሽኑ ሸጋ ሆነ፤ የተነካውን ሁሉ ብድግ አድርጎ ይከፍት ጀመር። እኔም እፎይ ብዬ በቀጣዩ ቅዳሜ ሱቅ ስገባ፣ ዘሀራ ግድግዳውን አስለክታ ለደንበኛ መቀመጫ ረጅም አግዳሚ ወንበር አሠርታለች።