ሴቶች ፀሐይ የሚሞቁበትን ድንኳን በተመለከተ

እሑድ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ 4፡10 ላይ፣ በባሕር ዳር ሹም አቦ፣ የሠፈራችን ዕድር ኮሚቴ በዕቃ ቤቱ ውስጥ በብረት ድስቶችና በድንኳን እንጨቶች መካከል ተሰበሰበ። ከአምስቱ አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦
መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ ሰብሳቢ
አቶ አስማማው፣ የድንኳን ኃላፊ
አቶ ይትባረክ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ቁጥጥር
ወ/ሮ ወለተ ኪዳን፣ ጸሐፊ

አመልካች፦ ወ/ሮ አገርነሽ፣ የዕድሩ አባል
አስረጂ፦ ሲስተር እናትዓለም፣ ነርስ

አምስተኛው አባል ፀሐዩ በረታብኝ ብለው ቀርተዋል።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሮ አገርነሽ ማመልከቻ

አመልካቿ ስድስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ ወዲህ ሲያስሉም ሆነ ብዙ ሲቆሙ ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ በዚህም ዓመት ተመንፈቅ ቅዳሴ እንዳልቆሙ፣ ለመጪው ሑዳዴ ግን መቆም እንደሚፈልጉ አስረዱ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ በሳምንት ሁለት ጧት ለሴቶች እንዲለቀቅ ጠየቁ።

ሲስተር እናትዓለም እንዳብራሩት፣ አመልካቿ ሲመረመሩ ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ተገኝቷል። እሱ ሲያንስ ጡንቻ ይደክማል፤ ማኅፀንንና ፊኛን ከሥር ደግፎ የሚይዘውም ጡንቻ ነው። ኪኒን ሰጥተዋቸዋል። ክንድና እግርን ፀሐይ ማስመታትም ያግዛል፤ ጡንቻውን እያጠበቁ መልቀቅን ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ለሴቶቹ ሁሉ ያስተምራሉ።

ሰብሳቢው «ሽንት» የሚለው ቃል እንዳይጻፍ አሳሰቡ። እኔ ጸሐፊዋ ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደሆነና ቃል መዝለል ገና እንዳልተማርሁ ገለጽሁ። ቃሉ ባለበት ጸና።

አቶ ይትባረክ «ጣና ዳር ተቀምጦ ፀሐይ አነሰኝ ማለት፣ ዓሣ ውሃ ጠማኝ እንደ ማለት ነው» አሉ። አመልካቿ «እርስዎ ደጅ ተቀምጠው ሲሞቁ፣ ጭስ ቤት ያለችውን ማን አየና!» ሲሉ መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግቢው እንዲለቀቅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መከለል

መሪጌታ የሴት ባትና ክንድ ከመንገድ እንዳይታይ ጠየቁ። አቶ አስማማው ድንኳን እንዲተከል ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር ድንኳን ፀሐይ እንደሚከለክል አስታወሱ። አቶ አስማማው «ሠላሳ ዓመት ስተክል ማንም አላማረረም» አሉ። ወ/ሮ አገርነሽ «የሚተከልለት ሰው በየት አፉ ያማርር!» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድንኳኑ ያለ ጣሪያ እንዲተከል ተወሰነ። አቶ አስማማው በሙያቸው ላይ የተፈጸመ በደል ነው በማለት ተቃውሟቸውን አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ለቀስተኛ

አቶ ይትባረክ ድንኳኑን ያየ ጎረቤት ሁሉ እያለቀሰ እንደሚመጣ አስገነዘቡ። በር ላይ «ማንም አልሞተም» የሚል ሰው እንዲቆም ታሰበ። መሪጌታ «ታዲያ ድንኳኑ ለምንድን ነው ቢሉትስ? ያን ነገር ሊናገር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ዘበኛው «ገና ነው» ብቻ ብሎ እንዲመልስ ተወሰነ።

ቀጥሎም አቶ ይትባረክ መተዳደሪያ ደንቡን ገልጠው፣ ድንኳን በተተከለ ጊዜ ወንድም ሴትም አባል ሁሉ ገብቶ የመቀመጥ ግዴታ እንዳለበት አነበቡ። ወንዶች ከገቡ ዘንድ ሴቶቹ በነጠላ ተከናንበው ፀሐይ እንዲሞቁ ተወሰነ። ሲስተር እናትዓለም ሥራ አለብኝ ብለው ወጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በደንቡ መሠረት የዕድሩ ሥራ የሚጀምረው አባል ሲሞት ስለሆነ፣ አመልካቿም በሕይወት ያሉ መሆናቸው በዐይን ስለተረጋገጠ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የግቢው መለቀቅ ጭምር፣ እንዲሻር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። እኔ ተቃውሜያለሁ።

ሰብሳቢው ዕድሩ ወ/ሮ አገርነሽን እንደማይረሳ፣ ባረፉ ዕለት ድንኳኑ ከነሙሉ ጣሪያው እንደሚተከልላቸው በመግለጽ አጽናኗቸው።

ወ/ሮ አገርነሽ «ደግ፤ ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፤ ቁሚ የሚለኝም የለም» አሉ።

ስብሰባው 6፡40 ላይ ተነሣ።