ቲቸር ዲንሳ የሉም

ነቀምቴ ውስጥ ሰላም ተብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። ከጨለለቂ ሰፈር ተነስታችሁ ገበያ እስክትደርሱ ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ቤተሰባችሁ፣ ስለ ላሟ ሳይቀር ትጠየቃላችሁ፤ በተራችሁም ትጠይቃላችሁ። ስለዚህ ማርፈድ እኛ ጋ ጥፋት አይደለም፣ አስተዳደግ ነው። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት እንኳ እኛ ከተማ ሲደርስ ይነቅዛል። ታዲያ ይሄ አስተዳደግ ኢሜይል ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

የወለጋ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበብ የጋራ ኢሜይል አለው፤ አንድ አድራሻ ላይ የላካችሁት ጊምቢም ሻምቡም ለሁሉም ይደርሳል። የዚህ የኢሜይል ቡድን ያዥ እኔ ነኝ፤ ሰው የማስገባውም የማስወጣውም እኔው። አዎ፣ አምና ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ! ዘንድሮ ፊዚክስ ላይ አንዴ እጄን አወጣሁ፣ መልሱም ልክ ሆነ፤ ከዛ በኋላ እጄን ማን ያውርደው። የክበቡ ሰብሳቢ ቲቸር ዲንሳ አይተው "አንቺ ያዢው" አሉ። ቲቸርን ግን ዛሬም እፈራቸዋለሁ።

ሰኞ ለስልጠና አዳማ ሄዱ። ኢሜይላቸው በራሱ እንዲመልስ አድርገው ነበር፤ "ለስልጠና ወጥቻለሁ፣ ስመለስ እመልሳለሁ።" ማክሰኞ እኔ ማስታወቂያ ላክሁ፤ የክበቡ የፈጠራ ሥራ ውድድር ወደዚህ ዓርብ ተስቧል፣ እስከ ሐሙስ ተመዝገቡ። የቲቸር መልስ ከች አለ፣ ለሁላችንም።

ማሽን ነው ብሎ ማለፍ ነበር። ማን ይለፍ! ከጊምቢ አንዷ ልጅ "ከራ ነጋ ቲቸር፣ መንገዱን ሰላም ያድርግልዎ" አለች። ማሽኑ መለሰላት። ሻምቡዎች ጊምቢ መርቃ እኛ ዝም ልንል ነው ብለው መረቁ። መለሰላቸው። አንድ መምህር "ስልጠናው ስለ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። "ለስልጠና ወጥቻለሁ" አላቸው። ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያዬ ከምርቃት ስር ተቀብሯል። የተመዘገበ? አንድም። እንደገና ብልክ እንደገና ይመልሳል፣ እንደገና ይመርቁታል።

ጓደኛዬ ሌንሴ ስክሪኑን አየችና "አውጫቸው፤ ካልደረሳቸው ማሽኑም አይመልስም" አለችኝ።

"ቲቸርን? ከቡድኑ? አብደሻል? ፈተናዬን የሚያርሙት እኮ እሳቸው ናቸው!"

"በቃ ፈሪ ለእናቱ። ዓርብ ብቻችንን ተወዳድረን አንደኛ እንወጣለን።"

ይሄ አናደደኝ። የጊምቢዋ ልጅ ስንት ወር የለፋችበት የውሃ ማጣሪያ አላት፤ መንገደኛ ስለመረቀች ውድድሩ ሊቀርባት ነው? የቲቸርን ስም ፈልጌ "አስወግድ" የሚለውን ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበርኩም። አዎ አልኩት።

ማስታወቂያውን ደግሜ ላክሁ፤ ከስሩ "እባካችሁ ስም ብቻ፣ ሰላምታ ዓርብ በአካል" ብዬ። ዓርብ የጊምቢዋ ልጅ ማጣሪያዋን ታቅፋ ከሚኒባስ ስትወርድ አየሁ።

ሰኞ ሌላ ሰው ሳይነግርብኝ ቀድሜ ቲቸር ፊት ቆምኩ። "ቲቸር፣ ከቡድኑ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ነቀምቴ ውስጥ፣ ዝም!

"መልሺኝ" አሉ በመጨረሻ። "ይቅርታ ልበላቸው።"

መለስኳቸው። አጭር ይቅርታ ጻፉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ "ኧረ ምንም አይደል ቲቸር"፣ "እንኳን በሰላም ተመለሱ" ቡድኑን አጥለቀለቀው። ቲቸርም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ በእጃቸው እየመለሱ ነው።

ይሄንን የሚያስቆም የምጫነው ነገር ፈልጌ አጣሁ።