ለዘንዶ ማርክ የማትሰጠው አብላ ኢንሳፍ

በየቤተሰቡ አንድ በምንም የማይደነቅ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት ዕጣው የወጣው ለታላቅ እህቴ ለክብርት አብላ ኢንሳፍ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ያስተማረችውም ያላስተማረችውም፣ እስክንድርያ ሙሉ «አብላ» ይላታል፣ እትዬ መምህርት እንደ ማለት። እሷ ስለማንኛውም ነገር የምትለው ግን አንድ ነው፦ «ምንም አይልም።»

ፒራሚድ ልናሳያት ካይሮ ድረስ ወሰድናት። ቀና ብላ አየችና «ምንም አይልም፤ ድንጋይ ነው» አለች። በክረምት ባሕሩ ተቆጥቶ መንገዱን ውሃ ሲያለብስ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲጮህ፣ እሷ ጃንጥላዋን አዘንብላ «ባሕር ነው እንግዲህ፣ ምን ያድርግ?» ትላለች። ሐኪሙ «ልብሽ እኮ የሃያ ዓመት ልጅ ልብ ነው» ቢላት፣ «ሃያ ዓመቴም ላይ ምንም አይልም ነበር» ብላው ወጣች።

ይሄ ሁሉ ማንንም አልጎዳም፤ ዘንዶው እስኪመጣ።

ዘንዶው ያለው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ወጣቱ ያበደለት፣ ያነበበው ሁሉ አምስት ኮከብ የለጠፈለት፣ ልጃገረዶች ትራም ላይ እያለቀሱበት መውረጃቸው የሚያልፋቸው ወፍራም ልብ ወለድ። ወደ ዐረብኛ የተረጎመው ሺሃብ የሚባል ቀጭን ልጅ ነው። ሺሃብ ደግሞ ልጄን ጁማናን ሊያገባ ይፈልጋል። ጁማናን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አብላ ናትና፣ ልጄ «አክስቴ ልጁን ካልወደደችው ቀለበት አላደርግም» ብላ ማለች። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአበባ ፈንታ መጽሐፉን ላከላት።

አብላ መነጽሯን አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

«እህስ?» አልኳት።

«ምንም አይልም።»

«ሰው እያለቀሰበት?»

«ያልቅሳ! ባለታሪኳ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መንግሥት ገልብጣ ስትመለስ የት አመሸሽ የሚላት የለም። ዘንዶው ጠዋት ማታ ይቆጣል፤ ምን እንደሚበላ አልተጻፈም። ደሞ የሁሉም ዓይን አረንጓዴ ነው። ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ዓይን ከየት መጣ?»

ጁማና እግሯ ላይ ወደቀች። «አክስቴ፣ ነፍሴ፣ እናቱም ይመጣሉ! አንድ ቀን ብቻ በጣም ወደድኩት በይ!»

«አንቺ ልጅ፣ ለገዛ ወንድሜ ያልሰጠሁትን ማርክ ለዘንዶ ልስጥ?»

እውነቷን ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል የቀረሁት የእሷን ፈተና ወድቄ ነው።

ዓርብ ዕለት እናትና ልጅ መጡ። ባስቡሳ የሚባለው የሽሮፕ ኬክ ቀረበ። ሺሃብን ክራቫቱ አንቆታል። እናቱ ጣፋጩን ቀመስ አደረጉና በቀጥታ ገቡበት፦ «አብላ፣ ልጄ ዓይኑ እስኪቀላ የደከመበት መጽሐፍ ነው። እንዴት አገኙት?»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ምንም አይልም» አለች አብላ።

የሴትዮዋ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ሌላው እጃቸው ቦርሳቸውን ሳብ አደረገ። ጁማና ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«አንድ ቦታ ግን አለ» አለች አብላ፣ ማንንም ሳታይ። «ዘንዶው የሞተ ለታ። ጠባቂዋ አሮጊት እንደ ልማዷ ውሃ በባልዲ ይዛለት ትሄዳለች። በረቱ ባዶ ነው። ውሃውን ደጅ ላይ ደፍታ ትመለሳለች። እሱን ሁለቴ አነበብኩት።»

ሺሃብ እስከ ጆሮው ቀላ። «አብላ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ... እሱ ገጽ ዋናው መጽሐፍ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አያቴ አህያዋ የሞተባት ለታ እንደዛ አድርጋ ነበር።»

«የእናቴን አህያ?» አሉ እናቱ፤ ቦርሳው ከእጃቸው ወደቀ።

አብላ መነጽሯን አውልቃ ልጁን ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ የቀረውን ገጽ ምን ብለህ አንተው ሳትጽፈው ተውከው?»

ሺሃብ ስድብ ይሁን ምርቃት ጠፍቶት ወደ እኔ ዞረ።

«አግባት ማለቷ ነው» አልኩት። ዕድሜ ልኬን የእሷ አስተርጓሚ ነኝ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ግን ተርጉሜ አላውቅም።