በሰው አንጓ የሚገባ ሰው

በሰው አንጓ የሚገባ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? በጃንሆይ ጊዜ ሶዶ ላይ ባዛር በቆመ ቁጥር ይፈላ ነበር። ዘበኛው፣ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ቲኬቱን ለሌላ እንዳያቀብል ብሎ፣ የእጁ አንጓ ላይ ሐምራዊ ማኅተም ይመታለታል። ታዲያ ቲኬት ያልገዛው የእኛ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? እጁ የቆሸሸ አስመስሎ ማኅተም ለተመታለት ሰው አንጓውን ለሰላምታ ይዘረጋል፤ ያልደረቀው ቀለም ከአንጓ ወደ አንጓ ይሻገራል። ከሁምቦ የመጣ እንግዳ ቢያይ፣ ከተማው በሙሉ ጭቃ ሲያቦካ የዋለ ይመስለው ነበር!

ጓደኛዬን አንጁሎን ግን ያስቸኮለው ፍቅር ነው። የሚወዳት ልጅ ባዛሩ ውስጥ ነበረች፤ መውደዱንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌ እንዳይልክ አባቷን አቶ ባሳን ይፈራል፤ በቀጥተኛነታቸው አገር የሚንቀጠቀጥላቸው ሰው ናቸው። አንጁሎ በሩ አጠገብ አንድ ሐምራዊ አንጓ ሲያይ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳያጣራ የራሱን አጣበቀበት።

“እጅህን ምን ነካው?” አሉ የአንጓው ባለቤት፣ አቶ ባሳ ራሳቸው።

“ቅ... ቅቤ ነው፣ አባባ።”

አብረው ወደ በሩ ሄዱ። ዘበኛው የሁለቱንም አንጓ አገላብጦ አየ።

“የእርስዎ ደብዝዟል፤ ከሰው የተቀዳ ነው። የእሱማ ጭራሽ ጥላ ነው፤ ከእርስዎ የተቀዳ! ዞር በሉልኝ!”

አቶ ባሳ ጋቢያቸውን አንጓቸው ላይ ጣል አደረጉ።

“ይህን ለልጄ ብትነግራት፣ ሽማግሌ መላኩን እርሳው።”

“ባልነግራትስ፣ አባባ?”

አቶ ባሳ ግራ ቀኙን ቃኙ።

“እሑድ ላካቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።”