ስቴካዬን የበላው እልልታ

ዛሬ የገጠመኝን ብነግራችሁ "ፈጥራ ነው" ትላላችሁ። በሉ። ለመፍጠር የሚሆን ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ቀን እፈጥር ነበር።

እናንተዬ፣ ዛሬ እልል ተብሎልኝ ተዘረፍኩ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያለሁት ሮም ነው። ፊሳ ነኝ፤ ማለትም አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እያደርኩ እሠራለሁ። ዕረፍቴ ሐሙስ ከሰዓት እና እሁድ ነው። እሁድ ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ። ሐሙስ ደግሞ ጣልያንኛ እማራለሁ።

እንደዛ ነው የሚባለው።

እውነቱን ለእናንተ ብቻ፦ ሐሙስ ሐሙስ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ሄጄ ፑል እጫወታለሁ። ወንድሞቼ ጉለሌ ፑል ቤት ነበራቸው። እነሱ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ እኔ ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ። ጣልያንኛዬ ዛሬም እንደመጣሁበት ቀን ነው። ግን አንድም ሰው "የዚህን ያህል ተምረሽ ምነው?" ብሎኝ አያውቅም። ያሳዝናል አይደል?

ችግሬ ቁመቴ ነው። አጭር ነኝ። የየፑል ቤቱ ስቴካ፣ ያው የፑል መምቻው ዱላ፣ ሁሉም ይረዝምብኛል። ክንዴን ወደኋላ ስስብ ወይ ግድግዳ እመታለሁ ወይ የሰው ቢራ እደፋለሁ።

አሎራ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ በልኬ አሠራሁ!

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ስቴካ የሚሠሩ አንድ ጣልያናዊ ሽማግሌ አሉ። ክንዴን ለኩ። መዳፌን ለኩ። "ጎንበስ በይ" አሉኝና እንደገና ለኩ። "ምን ውስጥ ነው የምትይዢው?" ሲሉኝ "የሴት ቦርሳ ውስጥ" አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ግን ሠሩት። አራት ቦታ የሚፈታ፣ በብሎን የሚገጣጠም፣ ለመንገደኛ የሚሆን ስቴካ። እጀታው ላይ ነጭ አጥንት ገብቶበታል። ቦርሳዬ ውስጥ ሲገባ ሲኞራም አታየውም፣ የቤተክርስቲያን ሴቶችም አያዩትም።

እዚህ ጋ እንዳትስቁብኝ። የምለብሰው ኮት የሲኞራ ነው። ጫማዬ የሲኞራ ልጅ ነው፤ ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ሶፍት እጠቀጥቅበታለሁ። የምተኛበት አልጋ የልጅ ልጇ የነበረ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለኔ ተብሎ፣ በኔ ልክ የተሠራ ዕቃ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደድኩት። አዎ፣ እንጨት ወደድኩ። ምን ይጠበስ?

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦስቲያ ግጥሚያ ነበረኝ። የሮም አበሾች የፑል ቡድን ለውድድር ቦሎኛ ሊሄድ ነው፤ የቀረው አንድ ቦታ ነው። ወይ እኔ፣ ወይ ዮናስ። ዮናስ ማለት አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ባሸነፍኩት ቁጥር "ለሴት ጎበዝ ነሽ" የሚለኝ ሰውዬ ነው።

ለሴት! ይቺን ቃል ዛሬ ላስውጠው ነበር።

ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ባቡር ስለምሄድ ስቴካዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤተክርስቲያን ገባሁ።

ቅዳሴው አልቆ አዳራሽ ገብተን ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ነው። እትዬ አስካለ ለሰው ወንበር ሊለቁ ብለው ቦርሳዬን አነሱ። እትዬ አስካለን ላስተዋውቃችሁ፦ ሲኞራ ቤት ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እናቴን ከጉለሌ ጀምሮ ያውቋታል፣ ባስነጠሰኝ ቁጥር ደውለው ይነግሯታል።

ዚፑ ክፍት ነበር።

ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!

አራቱም መሬት ላይ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ አስካለ አንዱን አነሱ። ሌላውንም አነሱ። ብሎኑን አገላብጠው አዩና ገጣጠሟቸው። እጃቸው ደግሞ ሲፈጥን! ሦስተኛው። አራተኛው። አቆሙት።

"የፑል ነው" ብል እናቴ ሳህኑ ሳይነሳ ትሰማለች። የሐሙሱ ትምህርት ይወጣል። ከወንዶች ጋር ፑል ቤት መዋሌም ይወጣል።

"መቋሚያ!" አሉ እትዬ አስካለ።

እ?!

"ተገጣጣሚ መቋሚያ! ለመሪጌታ!"

ለማታውቁ፦ መሪጌታችን በየሳምንቱ ከሌላ ከተማ በባቡር የሚመጡ አባት ናቸው። ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉበትን መቋሚያቸውን ሰሞኑን ባቡር ላይ ረስተውት ወረዱ። ከዚያ ወዲህ የሚቆሙት በዣንጥላ ነው። ሰው ሁሉ "ምነው ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ በኖረ" ሲል ነበር የሰነበተው።

ኖረላችኋ!

"የስለት ነው አይደል?" አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

አፌን ከፈትኩ። "አዎ" የሚል ነገር ወጣ።

ምን ነካኝ?!

እልልልልል! ጣሪያው ሊነሳ! አንዷ ታቅፈኛለች፣ አንዷ ትስመኛለች፣ አንዷ በስልኳ ቪዲዮ ትቀርጻለች።

መሪጌታ መጡ። እሳቸውም አጭር ናቸው። ተደገፉት። ልካቸው ሆነ! የኔ ልክ፣ ልካቸው ሆኖ ቁጭ!

"ልጄ፣ ይቺ ጫፉ ላይ ያለችው ሰማያዊ ነገር ምንድን ናት?"

ጠመኔ ናት፣ አባቴ። የፑል ጠመኔ።

"እንዳይንሸራተት ነው" አልኳቸው። ይሄ እንኳን ውሸት አይደለም።

"አያችሁ! የታሰበበት እኮ ነው!" አሉ እትዬ አስካለ። "የጎደለው ከላይ የሚገባው የቀንድ ራስ ብቻ ነው። የኛ ሰውዬ ቀንድ አላቸው፤ ዛሬውኑ በሚስማር ይመቱበታል።"

በሚስማር! ያን እጀታ! እኔኑ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ልናገር ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። መሪጌታ ግን እጄን ያዙና "በዚህ አገር ይሄን ሁሉ ዘመን ስቆም፣ ጉልበቴን ያሰበልኝ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

እስቲ ማነው ጀግናው፣ እዚህ ላይ "ይመልሱልኝ" የሚል? ይምጣ!

መረቁኝ። አሜን አልኩ። ቦርሳዬ ቀሎኝ ወጣሁ።

ኦስቲያ ስደርስ ዮናስ ገና ከበሩ "አሎራ፣ ያ ጉደኛ ስቴካሽስ?" አለኝ።

"ሰው ጋ ነው።"

"በግጥሚያ ቀን ታውሻለሽ? ለማን?"

ምን ልበለው? ለእግዚአብሔር?

በቤቱ ስቴካ ገጠምኩ። እየተንጠራራሁ፣ እየተጠማዘዝኩ፣ ላቤ ጠብ እያለ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ለሁለታችንም የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች። እፍ ቢሏት የምትገባ! ተራው የኔ ነው። ያቺ ከገባች ቦሎኛ ነኝ። ክንዴን ወደኋላ ሳብኩ።

ግድግዳ።

ነጯ ኳስ ጥቁሯን ሳትነካት አልፋ ሄዳ ራሷ ቀዳዳ ገባች። ዮናስ መጣ፣ ጥቁሯን ነካ አደረጋት፣ አለቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ለሴት ጎበዝ ነሽ" አለኝ።

በንዴት ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

ስመለስ ባቡር ላይ እናቴ ደወለች። ደርሷታል፣ ምን ጥያቄ አለው! ቪዲዮውንም አይታዋለች። እያለቀሰች ነው።

"ኮራሁብሽ ልጄ" አለችኝ።

በዚህ ሁሉ የስደት ዓመት ይቺን ቃል ከአፏ ሰምቻት አላውቅም። ስንት ነገር ሠርቼ አላለችኝም። ዛሬ ዋሽቼ፣ ተሸንፌ፣ ባዶ ቦርሳ ታቅፌ ስመለስ አለችኝ! እኔም አለቀስኩ። እሷ የደስታ መሰላት። ባቡሩ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ከዚያ እንባዋን ጠረገችና "ለመሆኑ ምን ብለሽ ተስለሽ ነው? ምን ሰጠሽ?" አለችኝ።

"ኔትዎርክ የለም" ብዬ ዘጋሁት።

እትዬ አስካለ ፌስቡክ የላቸውም። ስክሪንሾት አንስታችሁ የምታሳዩአቸው ካላችሁ ግን እግዜር ይይላችሁ!

እና ወገኖቼ፣ ሰው መጀመሪያ ይለምናል፣ ሲሰጠው ስለቱን ያስገባል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሳይለምን፣ ሳይሰጠው፣ ያለችውን አንዲት ነገር አስገብቶ የተገላገለ ሰው እኔን ብቻ ነው የማውቀው።

እናቴ ነገ መደወሏ አይቀርም። መልስ ሳታገኝ የምትተወኝ ሴት አይደለችም። እስቲ ኮሜንት ላይ እርዱኝ፦ ምን ተሰጥቶኝ ነው ልበላት?